እስኪለፋ ድረስ

"ቁም። ክብደትህን ሁለቱም እግርህ ላይ እኩል ጣል።"

የጫማ ሻጩ ይህን ብሎ የእህቴ ልጅ እግር ሥር በርከክ አለ። ልጁ ወፍራም የሱፍ ካልሲ እንዳጠለቀ ቀኝ እግሩን የብረት መለኪያው ላይ አሳርፎ ቆሟል። ሰውዬው መጀመሪያ ተረከዙ የመለኪያው ጎድጓዳ ውስጥ በደንብ መግባቱን በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ አረጋገጠ። ቀጥሎ የረጅሙን የእግር ጣት ጫፍ አየ። ልጁ ያለቀ መስሎት እግሩን ሊያነሳ ሲል ቁርጭምጭሚቱን ያዝ አድርጎ አስቆመው። ከአውራ ጣቱ ሥር፣ እግር ሲራመድ የሚታጠፍበትን ጉብ ያለ አጥንት በጣቱ ፈልጎ አገኘና በጎን በኩል ያለችውን ተንሸራታች ብረት እዚያ ድረስ ገፋት።

"በጣትህ ዘጠኝ ነህ። በዚህኛው ግን ዘጠኝ ተኩል።"

የእህቴ ልጅ ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ስኒከር አስር ተኩል ነው የማደርገው።"

ያለነው ሚኒሶታ ውስጥ ሬድ ዊንግ ከተማ ነው። ከሴንት ፖል ተነስቶ 61 ቁጥር አውራ ጎዳናን፣ ከዚያም የሚሲሲፒን ወንዝ ተከትሎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለወረደ ሰው የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። በከተማዋ ስም የሚጠራው የጫማ ፋብሪካ እዚህ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1905 ሲሆን፣ ቆዳ የሚያለፋለት ፋብሪካ ደግሞ ከ1872 ጀምሮ እዚሁ አለ። መሀል ከተማ ባለው ሱቅ ውስጥ ለመቶኛ ዓመታቸው የሠሩት፣ ቁጥሩ 638 ተኩል የሆነ ግዙፍ ቡትስ ቆሟል፤ ሕፃናት ሥሩ ፎቶ ይነሳሉ። እኛ የመጣነው ለፎቶ አልነበረም። ልጁ ከአዲስ አበባ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ሥራ አግኝቷል፤ ጣት የሚጠብቅ ብረት ያለው ጫማ ግዴታ ነው ተብሏል። ጊዜው ኅዳር ነው። ከሁለት ወር በኋላ የሚመጣውን፣ ሌሊት ከዜሮ በታች 25 የሚደርሰውን ብርድ እሱ ገና አያውቀውም።

እግሩ የቆመበት መለኪያ የብራኖክ ይባላል። ሲራኪዩዝ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ አባቱ የጫማ ሱቅ የነበረው ቻርልስ ብራኖክ በ1920ዎቹ የሠራው ነው። አሜሪካ ውስጥ የትኛውም ደህና የጫማ ሱቅ አያጣውም፤ ብዙ ሻጭ ግን የሚያነበው ግማሹን ብቻ ነው። የጣትን ጫፍ አይቶ ቁጥር ይጠራል። ለስኒከር ይህ ችግር የለውም፤ ስኒከር የትም ይታጠፋል። ወፍራም የቆዳ ጫማ ግን የሚታጠፈው አንድ ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ከእግርህ መታጠፊያ ጋር ካልገጠመ ጫማው እዚያ እየታጠፈ፣ እግርህ እዚህ እየታጠፈ ዓመቱን ሙሉ ስትጣሉ ትኖራላችሁ። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር ይያዛል። የስኒከር ቁጥር ደግሞ በአብዛኛው ከእውነተኛው የእግር ልክ በግማሽ ወይም በአንድ ይበልጣል። የእህቴ ልጅ አስር ተኩል ለምዶ ዘጠኝ ተኩል መሆኑን ሲሰማ ተታለልኩ ብሎ ፈርቶ ነበር። ሲያጠልቀው ጣቶቹን እንደልቡ አንቀሳቀሰ፤ የእግሩ ጀርባ ላይ ግን ጥብቅ አለ።

"ይጠብቃል" አለኝ።

"የት ጋ?"

ከላይ፣ ማሰሪያው የሚያልፍበትን አሳየኝ። እኔም ይህን ጥያቄ ከማንም ሳልሰማ ያሳለፍኩትን ነገርኩት። ከአዲስ አበባ ስወጣ ለአሜሪካ ብርድ ብዬ የገዛሁት ቡትስ ገና ሱቁ ውስጥ ጣቴን ይነካኝ ነበር። ሻጩ "ሲለበስ ይለቃል" አለኝ፤ እኔም አመንኩት። "ይለቃል" የሚለው ቃል ግማሹ እውነት ነው፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ቆዳ በወርዱ ይለቃል። በእግር ጀርባ ላይ ይለቃል። ቁርጭምጭሚት አካባቢ ይለሰልሳል። በርዝመቱ ግን አይጨምርም፤ የጫማው ጫፍ ከውስጥ በጠንካራ ነገር የተደገፈ ነው፤ የብረት ጣት ያለውማ ጨርሶ አይሰጥም። የመጀመሪያውን ክረምት በዚያ ጫማ እየሠራሁ የሁለቱንም አውራ ጣቶቼን ጥፍር አጣሁ። የእህቴን ልጅ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ይዤው የመጣሁት ይህ በእሱ እንዳይደርስ ነው።

ለፋ የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይይዛል። ሰው ሲጥርና ሲደክም ለፋ ይባላል። ቆዳ ግትርነቱ ሲለቀውም ለፋ ይባላል። ሁለቱ ለምን አንድ ቃል እንደሆኑ ማንም አላስተማረኝም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ጎጃም፣ አያቴ ቤት፣ የሰንጋ ቆዳ ችካል ተመትቶለት ደጅ ተወጥሮ ሲደርቅ እንደ ሳንቃ ይንኳኳ ነበር። ከዚያ ይነከራል፣ ይፋቃል፣ የተልባ ወይም የኑግ ቅባት ይጠጣል፣ ታጥፎ በእግር ይረገጣል። አጎቶቼ የቤቱን ምሰሶ ይዘው እየተቀያየሩ ሲረግጡት መጀመሪያ የሚሰማው ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ነው። በሁለተኛው ቀን ድምፁ ይሰክናል። በመጨረሻ ብርድ ልብስ የሚረገጥ ይመስላል፤ ያኔ አያቴ ጫፉን አንስተው በእጃቸው ጨበጥ ያደርጉትና "በቃ፣ ለፋ" ይላሉ። ያ ጀንዲ አልጋቸው ላይ ተነጠፈ። እሳቸው ከሞቱ በኋላም ጎናቸው ያረፈበት ስርጉዳት አልጠፋም ነበር።

ይህን ሥራ ሙያቸው አድርገው የኖሩትን ሰዎች ፋቂ እያልን ስንንቅ ኖረናል። በገበያ እንፈልጋቸዋለን፤ በማኅበር አንቀመጥም፣ በጋብቻ አንቀላቀልም ነበር። የተኛንበት ጀንዲ፣ እህል የጫንበት ስልቻ፣ በሬ የጠመድንበት ጠፍር ከእጃቸው የወጣ ነው። ይህን ሳልጠቅስ ስለ ቆዳ ውበት ብጽፍ ነውር ይሆንብኛል።

ፋብሪካ የሚያደርገውም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ቆዳው እንዳይበሰብስ በሚያደርገው ነገርና በጊዜው ላይ ነው። የጥንቱ መንገድ የዛፍ ቅርፊት ነው፤ ቆዳው በቅርፊት ውኃ ውስጥ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይከርማል። ሲወጣ ጠንካራና ቅርጽ ያዥ ነው፤ ለጫማ ሶል፣ ለውስጥ ንጣፍ፣ ለቀበቶ ይሆናል። ሁለተኛው መንገድ ክሮም የሚባለው ማዕድን ነው። አውግስጦስ ሹልትዝ አሜሪካ ውስጥ በ1884 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዘዴ ወራቱን ወደ ቀናት አወረደው፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚለፋው አብዛኛው ቆዳ በዚህ መንገድ ያልፋል። የክሮም ቆዳ ለስላሳ ነው፣ ውኃ ይቋቋማል። ሁለቱን ያጣመሩም አሉ፤ ቺካጎ ያለው፣ እሱም በ1905 የተቋቋመው የሆርዊን ፋብሪካ ክሮሜክስል የሚለውን ቆዳ በሁለቱም አሳልፎ በትኩስ ቅባትና ሰም ያጠግበዋል። ያንን ቆዳ ሲጨምቁት ቀለሙ ከታጠፈበት ይሸሽና ገርጣ ይላል፤ ሲለቁት ይመለሳል። ሱቅ ውስጥ ጫማ ሳነሳ መጀመሪያ የማደርገው ይህን ነው። በአውራ ጣት ጫን። ቆዳው ፊት ላይ እንደ አረጋዊ እጅ ደቃቅ ሽብሽብ ከወጣና ወዲያው ከተመለሰ ሕይወት ያለው የላይኛው ቆዳ ነው። እንደ ላስቲክ ገባ ብሎ ያለ አንድ ሽብሽብ ከተመለሰ ፊቱ በቀለምና በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ እሱ ሲያረጅ ይላጣል።

መርካቶ ውስጥ ሻጭ ላይተር ለኩሶ ጃኬቱን በእሳት ሲያስነካ ብዙዎቻችን አይተናል። "ይኸው፣ አይቃጠልም፣ ኦሪጅናል ነው!" በዚህ አትመኑ። ከቆዳው ሥር የተሰነጠቀው ደካማ ክፍልም ቆዳ ስለሆነ እንደ ፕላስቲክ አይነድም። እሳቱ ቆዳ መሆኑን ይነግራችሁ ይሆናል፤ የቱ ቆዳ እንደሆነ አይነግራችሁም። ከእሳቱ ይልቅ የተቆረጠ ጠርዝ ፈልጉ፤ ኪስ ውስጥ ወይም አንገትጌ ሥር ይገኛል። ጭረቱ ጥቅጥቅ ብሎ ከላይ እስከ ታች አንድ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ካርቶን ንብርብር ሆኖ ከታየ ጥላችሁት ሂዱ።

የእህቴ ልጅ ሲመጣ ስጦታ ያመጣልኝ ከአዲስ አበባ የተገዛ የበግ ቆዳ ጃኬት ነው። ከራሴ ከባድ ጃኬት ጎን ሰቅየዋለሁ። ሁለቱን በእጅ ሲመዝኑ የአንድ ዕቃ ዘር አይመስሉም። የእኔው የላም ቆዳ ነው፤ ውፍረቱ 1.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ክብደቱ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ፣ ዚፑ ደረት ላይ አግድም የሚሮጥ፣ ሞተር ሳይክል የሚነዱ ሰዎች የሚለብሱት ዓይነት። ይህን ቅርጽ ኢርቪንግ ሾት የተባለ የኒው ዮርክ ሰው በ1928 ሠርቶ በሚወደው ሲጋር ስም ፐርፌክቶ አለው፤ ማርሎን ብራንዶ በ1953 ፊልም ላይ ከለበሰው በኋላ ዓለም አወቀው። ዚፑ ወደ ጎን የሆነው ለጌጥ አይደለም፤ ነጂው ወደ ፊት ሲያጎነብስ ሆዱን እንዳይወጋው፣ ነፋስም በመሀል እንዳይገባ ነው።

የአገራችን በግ ቆዳ ግን ሌላ ክብር አለው። የደጋው በጋችን ከሱፍ ይልቅ ፀጉር የሚያበዛ ስለሆነ ቆዳው ውስጥ ስብና የሱፍ ቀዳዳ ያንሳል፤ ጭረቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ለዚህ ነው የዓለም ጓንት ሠሪዎች፣ በተለይ የጎልፍ ጓንት የሚሠሩት፣ ሲፈልጉት የኖሩት። ስጦታውን ጃኬት መስኮት ሥር ዘርግቼ ሳየው ቀዳዳዎቹ በዓይን ለመለየት እስኪያስቸግሩ ደቃቅ ናቸው። ክንዱ ላይ ግን አምስት ስድስት ያህል ጉብጉብ ያሉ ነጠብጣቦች አሉ። እከክ ናት። የበግ ቅማልና ሌሎች ቆዳ ላይ የሚኖሩ ተባዮች የሚያመጧት፣ ፀጉሩ እስኪነሳ ድረስ ተሸሽጋ የምትቆይ ጠባሳ። ያንን ድንቅ ቆዳ ከገበያ የሚያወርዱት እሷ፣ የግፈፋ ቢላ ጭረትና በጊዜ ያልተነሰነሰ ጨው ናቸው። ቆዳ ከተገፈፈ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጨው ካላገኘ መበስበስ ይጀምራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በበዓል ማግስት የበግ ቆዳ ገዢ አጥቶ መንገድ ዳር ሲጣል ማየት የተለመደ ሆኗል። በአያቴ ቤት የአንዲት ፍየል ቆዳ ሳይቀር ስልቻ ስትሆን ላየ ሰው ይህ ያማል። ለበጉ ቅማል መድኃኒት፣ ለአራጁ ሹል አፍ የሌለው የመግፈፊያ ቢላ፣ ለእያንዳንዱ ሰፈር ጨውና ሰብሳቢ ማዘጋጀት ከአቅማችን በላይ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ለመምረጥ ከመጣን፣ የበጉ ጃኬት ከመጀመሪያው ቀን ለስላሳ ነው፤ ልክህ ከሆነ ጨርሰሃል። ከባዱን ጃኬት ስትገዛ ግን ዛሬ ያለውን ሳይሆን ከስድስት ወር በኋላ የሚሆነውን ነው የምትገዛው። ትከሻው ዛሬ ልክ መሆን አለበት፤ ስፌቱ ከትከሻ አጥንት ላይ ከወረደ ማንም አያነሳውም፤ ከጠበበም አይሰጥም። ደረቱና ጀርባው ዚፑ ተዘግቶ ትንሽ ቢያጨናንቅ ችግር የለውም፤ እነሱ ይሰጣሉ። እጅጌው ከእጅ አንጓ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ ይውረድ፤ ክርኑ ላይ ሽብሽብ ሲይዝ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ብብቱ ከፍ ያለ ይሁን። ብብቱ ዝቅ ያለ ጃኬት ሰፊ መስሎ ይሸጣል፤ እጅህን ስታነሳ ግን ጃኬቱ በሙሉ አብሮ ይነሳል።

የእኔን ጃኬት ለመልመድ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቤት ውስጥ ለብሼው ጋዜጣ አነብ ነበር፤ ቡና ሳፈላ፣ ሳህን ሳጥብ ሳይቀር። ክርን የሚታጠፈው በሥራ ነው። አንዳንዱ ሰው ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፣ አንዳንዱ የልብስ ማድረቂያ ውስጥ ከቴኒስ ኳስ ጋር ያሽከረክረዋል። ቆዳው ውስጥ ያለው ቅባት ከውኃው ጋር ይወጣል፣ በሙቀቱ ይደርቃል፤ የለሰለሰ የመሰለው በዓመቱ ይሰነጠቃል። ከሰው የሚወጣው ሙቀትና ላብ፣ ከክርን መታጠፍ ጋር፣ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ወደ ጫማው ልመለስ። ሬድ ዊንግ ላይ የገዛነው ቡትስ ሶሉ በማስቲሽ የተለጠፈ አይደለም። ጉድይር ዌልት በሚባለው ስፌት የተሠራ ነው። የጫማው አካልና የውስጥ ንጣፉ ዙሪያውን ከአንዲት ቀጭን የቆዳ ጠፍር ጋር ይሰፋሉ፤ የውጭው ሶል ደግሞ ከዚያች ጠፍር ጋር ይሰፋል። ሶሉ ሲያልቅ የጠፍሯ ስፌት ብቻ ተፈትቶ ሌላ ሶል ይተካል፤ አካሉ አይነካም። በውስጥ ንጣፉና በውጭው ሶል መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል፤ እሱን ቡሽ ይሞላዋል። ጫማው የአንተ የሚሆነው በዚያ ቡሽ ነው። ክብደትህ ቀስ በቀስ ይጫነዋል፤ ተረከዝህ፣ የውጭ ጠርዝህ፣ ያ ጉብ ያለው አጥንት የየራሳቸውን ጎድጓዳ ይሠራሉ። ሌላ ሰው ቢያጠልቀው ወዲያው ያውቀዋል።

ዋጋው ከሦስት መቶ ዶላር በላይ ነበር። ልጁ ቁጥሩን ወደ ብር መንዝሮ ዝም አለ፤ መኪና ውስጥም ብዙ አላወራም። ሴንት ፖል ስንደርስ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ካሉት የሐበሻ ቤቶች አንዱ ገብተን ሽሮ በላን። እዚያ ነው "ጋሼ፣ ነገ ሥራ አድርጌው ልግባ?" ብሎ የጠየቀኝ።

አልኩት፦ አይሆንም። አዲስ ከባድ ጫማ አድርጎ አስር ሰዓት መቆም እግርን መቅጣት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ማታ ማታ ቤት ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ፣ አንድ ሰዓት። ምንጣፍ ላይ የሚሆንበት ምክንያት ሶሉ ካልተጫረ ልኩ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ሱቁ ስለሚመልሰው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ገበያ ለመሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ለመመለስ። ከዚያ ግማሽ ቀን ሥራ፤ ሌላውን ግማሽ በአሮጌው። ተረከዝህ መጀመሪያ ላይ በትንሹ ይነሳል፤ ሶሉ ገና ስላልታጠፈ እንጂ ጫማው ሰፍቶህ አይደለም። የሚቆጠቁጥ ቦታ ከተሰማህ ውኃ ሳይቋጥር በፊት ፕላስተር ለጥፍበት። ጣትህ ጫፉን ከነካ ግን አታባብለው፤ እንመልሰዋለን።

በሦስተኛው ሳምንት የቀኝ ተረከዙ ውኃ ቋጠረ። ማሰሪያውን ከላይ እስከ ታች እኩል አጥብቆ ነበር የሚያስረው። ታችኛውን ላላ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርገን አሰርነው፤ ተረከዙ ወደ ኋላ ተደግፎ ተቀመጠ። ለውጡ በዚያው ቀን ተሰማው።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ላይ ጨው መረጨት ተጀመረ። የሚኒሶታ ክረምት ጫማን በብርድ አይገድልም፤ በጨውና በማሞቂያ ነው የሚገድለው። ጨዋማው በረዶ ደርቆ ጫማው ላይ ነጭ መስመር ይሠራል። ጥቂት ኮምጣጤ በውኃ ቀላቅሎ በጨርቅ መጥረግ ያነሳዋል። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ሊስትሮ ሆኖ የሠራ ወንድም አለው፤ ስልክ ደውሎ ሲነግረው "በሳሙና ውኃ እጠበውና ጥቁር ቀለም ቅባው" አለው። ለአዲስ አበባ ጭቃና ለሚያብረቀርቅ ጫማ የሊስትሮ አጥባ መቀባት ትክክለኛ ሙያ ነው፤ ቅባት የጠገበ የሥራ ቆዳ ግን ቀለም አይፈልግም። ጨው ከተጠረገለት በኋላ በወር አንዴ፣ ሩዝ ፍሬ የምታህል የቆዳ ቅባት በጣት ሙቀት እያሟሹ ማሸት ይበቃዋል። የበዛ ቅባት ቆዳውን አጥቁሮ ያልፈሰፍሰዋል።

ማሞቂያውን በተመለከተ የከፈልኩበት ትምህርት ነው። ጥፍሬን ያሳጣኝ ጫማ ከበረዶ ርሶ ሲመጣ አንድ ማታ ማሞቂያው ላይ ጣድኩት። ጠዋት ስነሳ መታጠፊያው ላይ እንደ ደረቀ የወንዝ ጭቃ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። የረጠበ ቆዳ በክፍል አየር፣ ውስጡ ጋዜጣ ተወትፎበት፣ ቀንና ሌሊት ነው የሚደርቀው። የሚችል ሰው ሁለት ጫማ እያፈራረቀ ቢያደርግ ሁለቱም ይበረክታሉ።

አሁን መጋቢት ነው። ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ ከሥራ ገብቶ በር ላይ ቡትሱን ሲያወልቅ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ አጎንብሶ ሲያያቸው ቆየ።

"ጋሼ፣ ና እስቲ እይ። ቀኙ ለምን ከግራው ይበልጥ ተሸበሸበ?"

አየሁት። በግራው ላይ የብረቱ ጠርዝ ካለቀበት ወደ ኋላ ሁለት ቀጭን መስመሮች አሉ። በቀኙ ላይ አራት ናቸው፤ አንዷ ጥልቅ ናት፤ ቀለሙም እዚያ ላይ ሸሽቶ ማር መስሏል። በምን ሁኔታ እንደሚሠራ ጠየቅሁት። ወለሉ ላይ ቀኝ ጉልበቱን አንበርክኮ፣ የቀኝ እግሩን ጣቶች አጥፎ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያለ ሣጥን የሚያነብ መስሎ አሳየኝ። በቀን ስንቴ እንዲህ ትላለህ አልኩት። ቆጥሮት አያውቅም።

ጫማውን አንስቶ በደረቅ ጨርቅ ጠረገው። ነገ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ይገባል። ማሰሪያውን አላልቶ፣ ምላሱን ወደ ፊት ገልብጦ፣ ከማሞቂያው ራቅ አድርጎ አስቀመጠውና ሊተኛ ሄደ።